የለጠፉላት ልጅ

«እንደምን ዋልሽ ፍዮርዬ? ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? ተመስገን! እኔማ ይኸው እንደምታዪኝ ነኝ። ጉልበቴ ዳገቱን ፈርቷል፤ አፌ ግን ገና ጤነኛ ነው። ምን ያለ ፀሐይ ነው ዛሬ የወጣው በናትሽ? ከጊዮርጊስ እዚህ እስክደርስ አናቴ ሊፈላ! እስቲ ማኪያቶ አድርጊልኝ፣ ጠቆር ያለ። ሚልፎኙ የዛሬ ነው?... የዛሬ ከሆነ ቁረጪልኝ። የትናንት ከሆነም ቁረጪልኝ፣ ግዴለም። ለአሮጊት ደግሞ ምን ትኩስ ነገር ይመጣላታል...»

ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ያሉት ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣ ጀርባቸውን ለተቀመጡት ደንበኞች ሰጥተው ነው። የኬክ ቤቱ ባለቤት ልጅ ፍዮሪ እየሳቀች ወደ ማሽኑ ዞረች።

መስታወቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሚናስ ድምፃቸውን ሲሰማ ስኒው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ባለው ግቢ ሲያድግ ይህ ድምፅ ስንቴ ተቆጥቶታል፣ ስንቴስ ጠርቶ አብልቶታል። የእናቱ የእትዬ አልጋነሽ ቤትና የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር የሚለያቸው። እናቱ ሞታ አርባዋ ከወጣ ገና ነው። ተነስቶ ሊስማቸው ፈለገ። ነገር ግን ሲገቡ አይተውታል፤ አይተውት፣ ወንበሩ ባዶ የሆነ ይመስል ዓይናቸው አልፎት ሄዷል። ደግሞም ብቻውን አልነበረም። ፊት ለፊቱ መሓሪ የሚባል ደንበኛ ተቀምጧል። ሆቴል ያለው፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነው፤ ትግራይ ላሉት እናቱ ግድግዳ ሊገዛ ነው የመጣው።

የሚናስ ሥራ ግድግዳ መሸጥ ነው። እሱ የሚሸጠው ግድግዳ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ይለጠፋል፤ ሲበራ በክፍሉ ላይ ሌላ ክፍል የተጨመረበት ያህል ነው። ሰውን በቁመቱ ልክ ያሳያል። ያያል፣ ይሰማል። ልጅ የሆነው ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ፊቱንና ድምፁን ካስቀዳ ደግሞ፣ ከዚያ ወዲያ እሱ ባይኖርም ግድግዳው እሱን ሆኖ ከእናቱ ጋር ያወራል።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ባሻገር፣ የአንድ ረጅም ሕንፃ ፊት በሙሉ በዚሁ ግድግዳ ተሸፍኗል። እዚያ ላይ የምትስቀው የሚናስ እናት ናት። ከምድር ቤቱ እስከ መጨረሻው ፎቅ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «ከእናትዎ አይጥፉ!» ተብሎ ተጽፏል። ሚናስ ይህን ጠረጴዛ የመረጠውም ደንበኛው ሕንፃውን ደህና አድርጎ እንዲያየው ነው።

«እናንተስ ታድላችኋል» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በአገጫቸው ወደ ማዶ እየጠቆሙ። «ይህ ሁሉ ብርሃን ከደጃችሁ! አምፖል ማብራት ቀረላችሁ አይደል? እኛማ ልጆች ሳለን መብራት በሄደ ቁጥር በኩራዝ ነበር የምንተያየው። ጭሱ ዓይን ይለበልባል፤ አፍንጫ ያጠቁራል። ብቻ... እንተያይ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ልጅ የወለደች እናት ምን ትባላለች? የታደለች ነው የምትባለው። እኛም ግቢ አንዲት ነበረች። ስሟን ተዪው፤ የሞተ ሰው ስም በኬክ ላይ አይነሳም። አንድ ልጅ ነበራት። አንድ! ግን ምን ዓይነት አንድ መሰለሽ? ሲማር ጎበዝ፣ ሲናገር ጎበዝ፣ ሲወጣ ጎበዝ... ሲወጣማ እንዴት ያለ ጎበዝ ነበር! በዚያች በር ሲወጣ ያየሽው እንደሆነ ዳግመኛ አየዋለሁ አትዪም። ምን ያድርግ? ሥልጡን ሰው ወደፊት ነው የሚሄደው። እናት ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትገኘው። እሷው ናት ጥፋተኛዋ።»

ፍዮሪ ማኪያቶውን አቀረበችላቸው። ስኳሩን ጨምረው ቀስ ብለው አማሰሉ።

«እናቱን ረሳ አላልኩሽም፤ ኧረ በስመ አብ! እሱ እናቱን ፊት የሚነሳ ልጅ ነው? ፊቱንማ ሰጣት። ከወለል እስከ ጣሪያ ነው የሰጣት! አንቺ ይህን የሚያህል ፊት ለእናቱ የሰጠ ልጅ ዓይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የወለድኳቸው መቼ እንዲህ አሰቡ። አንደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሶፋዬ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ሌላዋ ስትመጣ ከማጀቴ ያላነሳችው ነገር የለም። ይኼ ግን የጨዋ ልጅ ነው፤ ሄዶ አላስቸገራትም። ላከላት!

የላካቸው ሠራተኞች የመጡ ቀን እኔም ነበርኩ። ግድግዳው ልሙጥ ካልሆነ አይይዝም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ልሙጥ ነው የሚወደው። በዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ ምን ነበር? የሠርጓ ፎቶ፣ የባሏ ፎቶ፣ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ። ሁሉን አወረዱት። ጊዮርጊስን አልጋ ሥር አስገቡት። ምን ይደረጋል? እሱ ዘንዶ መውጋት እንጂ ሌላ ምን ሙያ አለው? በማግስቱ ተነስታ እንደ ልማዷ ወደዚያ ዞራ ልታማትብ ቀና ስትል፣ ልጇ ቆሟል። ‹እንዴት አደርሽ እማዬ!› አላት። እጇ ግንባሯ ላይ እንዳለ ቀረ። ሌላው ሰው ሲሞት ነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አይደል? እሱ በቁሙ ተሰቀለላት!»

ሚናስ ስኒውን አስቀመጠ። ያን ቀን እሱ አዲስ ሱቅ ሲያስመርቅ ነበር። ሠራተኞቹ የበራውን ግድግዳ በስልኩ ሲልኩለት ለእንግዶቹ ሁሉ አሳይቶ፣ «ይቺ እናቴ ናት» ብሎ ነበር፤ አጨብጭበውለታል። አሁን ወደ መሓሪ አየ። መሓሪ ወደ ማዶው ሕንፃ ሳይሆን ወደ ባንኮኒው ነበር የሚያየው። ሚናስ ስለ ግድግዳው ዋስትና ያቋረጠውን ወሬ ሊቀጥል አሰበና ተወው። ዝም ብሎ መስማት ውርደት ነው፤ ተነስቶ መሄድም ግን «እኔ ነኝ» ብሎ መጮህ ነው።

«ደግሞ እንዴት ያለ የማይጠፋ ልጅ መሰለሽ ፍዮርዬ! እዚያ ማዶ ‹አይጥፉ› ብለው የጻፉት ከእሱ አይተው ይሆናል እኮ። ጠዋት አለ፣ ቀን አለ፣ ማታ አለ። የሚጠፋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። መብራት ሲመጣ እሱም ከተፍ ይላል፤ ‹ዛሬ አምሮብሻል እማዬ› ይላታል። በኋላማ ባትሪ አስገጠመላትና ያቺም ትንሽ ፋታዋ ቀረች... ምን አልኩ? ናፍቆቷ ማለቴ ነው። ያቺም ትንሽ ናፍቆቷ ቀረች።

አንድ ቀን ‹ልጅሽ ደህና ነው?› አልኳት። ‹የትኛው?› አለችኝ። አንድ ልጅ ያላት ሴት! ‹የወለድሽው ነዋ› ስላት፣ ‹እሱ ሥራ ይበዛበታል፤ የለጠፉልኝ ግን ደህና ነው› አለችኝ።»

ፍዮሪ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ ከሚናስ ዓይን ጋር ተጋጨና ከንፈሯን ነከሰች። የስኒ ማስቀመጫውን መወልወል ጀመረች።

«ሳቂ እንጂ ልጄ፣ ምን አለበት? እሷም ትስቅ ነበር። ሞኝ እንዳትመስልሽ። ልጇ አለመሆኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀችው። ‹በምን አወቅሽ?› አልኳት። ቁርጥ ልጇ ነው እኮ! ዓይኑ የሱ፣ ጥርሱ የሱ፣ ያቺ ግንባሩ ላይ ያለች ጠባሳ ሳትቀር። ታዲያ በምን አወቅሽ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?... ‹በላሽ ወይ ብሎ ጠየቀኛ!› አለችኝ።»

የሚናስ ጆሮ ጋለ። «በላሽ ወይ» የምትለውን ቃል ራሱ ነበር መርጦ ያስቀዳት፤ ጥሩ ልጅ የሚጠይቀው እንዲህ ነው ብሎ። እሷን፣ እናቱን፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲህ ብሎ የጠየቃት መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። ትዝ ያለው ሁሉ እሷ እሱን ስትጠይቀው ነው።

«ብታውቅም ግን አላሳፈረችውም። የእግዜር እንግዳ ነው ብላ ተቀበለችው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል አሳዝኗት ‹ኧረ ቁጭ በል› ትለዋለች። ምሳ ስትበላ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ‹እንብላ› ትላለች። እሱም ፈገግ ብሎ ‹ብዪ እማዬ፣ እኔ ጠግቤያለሁ› ይላታል። መጥገቡንስ... ማን ይክዳል?

እስቲ ውኃ ስጪኝ፤ ሚልፎኙ ደረቀብኝ።»

ውኃቸውን ጠጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ እንደ ሥራ ፈት ሰው፣ ማዶውን ሕንፃ አሻቅበው ያዩ ጀመር።

«ያቺ እዚያ ላይ የምትስቀው ሴትዮ ማን ናት? ታውቂያታለሽ? እኔ አላውቃትም። ከቁመቷ ማማሯ! ፀጉሯን ለአገር ከፍታ፣ ያለ ሻሽ፣ አደባባይ ላይ የምትስቅ ሴት እኛ ግቢ አልነበረችም። የኛዋ ሻሿን ሳታስር ቆሻሻ እንኳ ልትደፋ ከደጅ አትወጣም። ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ከጎረቤቷ ጋር ብቻዋን ስትሆን ነበር ፀጉሯን የምታናፍሰው። ግድግዳው ዓይን እንዳለው ማን ነገራት? ነግረዋት ይሆናል፤ እኔ ነኝ ክፉ የማስበው። ዛሬ እንኳ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሰዉ ደጁን ተሳልሞ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ያንን ፀጉር ነው። እንዴት ያለ ክብር ነው! ስንቷ እናት በሞተች በወሩ ተረስታ ትቀራለች። ይቺ ግን ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ ይመለከታታል። ባለፈው አንድ ወያላ ‹አሮጊቷ ጋ ወራጅ አለ!› ሲል ሰማሁት። አየሽ፣ ፌርማታ ሆነች!

ምን እንደሚያስቃትስ ታውቂያለሽ? ሰዉ ልጇን አይታ የሳቀች ይመስለዋል፤ እንዲመስለውም ነው የተለጠፈው። የዚያን ቀን ከጎኗ ማን እንደነበረ ልንገርሽ? እኔ ነበርኩ። ግድግዳውን እያስመሰልኩላት ነበር! እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን እንዲህ ሰበር አድርጌ፣ ‹ዛሬ አምሮብሻል እማዬ! ስብሰባ ላይ ነኝ እማዬ!› ስላት ነው እንዲያ ሆዷን ይዛ የሳቀችው። እኔን ቆርጠው አወጡኝ፤ ሳቁን አስቀሩት። የማን መቀስ ይሆን እንዲህ የሚቆርጥ? ደግሞ እኮ አላደማኝም።»

ሚናስ ሳያስበው ወደ ማዶ ቀና አለ። ያን ሳቅ ያገኘው ግድግዳው ቀርጾ ከያዘው መካከል ሲፈልግ ውሎ ነው። ባገኘው ጊዜ፣ እናቱ የእሱን ምስል እያየች እንዲህ መሳቋ ደስ ብሎት አልቅሷል። ጥግ ላይ የነበረችውን፣ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችውን አሮጊት ቆርጦ ሲያወጣ አፏ ምን እንደሚል አላዳመጠም። ድምፁ ለማስታወቂያ ስለማያስፈልግ አጥፍቶት ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት፤ ቤቱ ግን ጭጭ ብሎ ነበርና ዝቅታው ማንንም አላመለጠም።

«የወደቀች ቀን ግቢያችን ምን ያለ ደስታ እንደነበረ ልንገርሽ። አዎ፣ ደስታ ነው የምልሽ! ጋሽ ከበደን ታውቂያቸዋለሽ፣ ያ ባርኔጣ የማይለያቸው ጎረቤታችን። ዳቦ ይዘውላት በሯ ድረስ ሄዱ። ሊያንኳኩ ሲሉ ከውስጥ የልጇን ድምፅ ሰሙ፤ እሳቸው የተለጠፈውን ከተወለደው በምን ይለዩታል? ‹አይዞሽ እማዬ! እኔ አለሁልሽ!› ይላል። ጋሽ ከበደ ዳቦውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ በጣታቸው እየረገጡ ተመለሱ። ‹ልጇ መጥቷል! እናትና ልጅ ይጫወቱበት፣ ማንም እንዳይረብሻቸው› ብለው ለግቢው አወጁ። ሰዉ ምን አለ? ‹ተመስገን፣ አስታወሳት!› አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። ልብስ ታጥብ የነበረችው እንኳ ሳፋዋን ወደ ጓሮ ወሰደች። ድምፁ እስኪመሽ አላቋረጠም። ‹አይዞሽ እማዬ። እኔ አለሁልሽ። ዛሬ አምሮብሻል።› አንጀት የሚያርስ ልጅ! ታዲያ እንዲህ ያለች የታደለች እናት በሯ ለምን ይንኳኳል?

ወለሉ ላይ ነበረች።

ተጣርታ ነበር፤ በስሙ ነዋ የተጣራችው። ‹ወዬ እማዬ!› ብሏታል። ‹ወደቅሁ ልጄ› ብላዋለች። ‹አይዞሽ› ብሏታል። ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግላት? እጅ የለው...»

ሚናስ ይህን አያውቅም ነበር። «ወድቃ ጠዋት ተገኘች» ነው ያሉት፤ ማንም ከዚያ በላይ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። ነገር ግን ወይዘሮ ደብሪቱ የማያውቁትን አንድ ነገር ደግሞ እሱ ብቻ ያውቃል። ግድግዳው የወደቀን ሰው ለይቶ ስልክ ላይ ይጮህ ነበር። እናቱ ግን ሰጋጅ ነበረች። በጾሙ ጊዜ በሰገደች ቁጥር፣ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር፣ ስልኩ «እናትዎ ወድቀዋል» እያለ በስብሰባ መሃል ይጮህበት ነበር። ሁለት ሦስቴ እየደነገጠ ደወለ። «ኧረ እየጸለይኩ ነው ልጄ» አለችው። ከዚያ ጩኸቱን አጠፋው። ጾሙ ሲያልቅ መልሶ ማብራት ትዝ አላለውም።



«ጠዋት ‹እንዴት አደርሽ እማዬ› ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁ። መልሷን ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ትለዋለች፤ ለተለጠፈም ቢሆን ሰላምታ የምትነፍግ ሴት አልነበረችም። ዝም። ደግሞ ‹እንዴት አደርሽ› አለ። ዝም። በሩን ገፍቼ ገባሁ። ከእግሩ ሥር አገኘኋት። እሱ ቆሞ ፈገግ ብሏል። አየኝና ‹እንኳን ደህና መጡ እትዬ ደብሪቱ!› አለኝ። በስሜ! እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው በይ? እናቱን ተሻግሮ እንግዳ የሚቀበል!

ነፍሷ አልወጣችም ነበር። ስትወድቅ ቀሚሷ ተገልቦ ኖሮ፣ ነጠላዋን እየጎተተች፣ እየጎተተች እግሯን ሸፍናለች። ዳሌዋ ተሰብሮ እኮ ነው! ያን ሁሉ ሰዓት የሠራችው ሥራ እሱ ነበር። ‹ምነው ዝም ብለሽ ብትተኚ› ብላት ዓይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ ‹ያየኛል እኮ› አለችኝ።

ሆስፒታል ስትገባማ ልጇ መጣ። ኧረ መጥቷል፣ ነገር አታጣሚብኝ! የወለደችው፣ ራሱ፣ ጫማ አድርጎ፣ በአካሉ መጣ። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እጇን ያዘ። እኔ እግርጌዋ ቆሜያለሁ። ዓይኗን ገለጠች። እጁን እንዲህ... ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። ልብስ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ፊቷ በራ ፍዮርዬ። ‹ይሞቃል› አለች።

እሱ ክፍሉ መሰለው። እጇን ለቀቀና መስኮት ሊከፍትላት ሄደ። ነፋስ እንድታገኝ። አሳቢ ነው አላልኩሽም?... ሲመለስ ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

ሚናስ መስኮቱን አስታወሰ። መያዣው ጠንክሮበት ሲታገለው፣ ከፍቶትም እንደ ትልቅ ሥራ እጁን ሲያራግፍ። ከኋላው የነበረውን ያን ፊት አላየውም። «ይሞቃል» ማለቷን ለለቅሶ ለመጡት ሁሉ ነግሯል፤ «እስከ መጨረሻው ሙቀቱ ይከብዳት ነበር» እያለ።

መሓሪ ተነሳ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ፤ ሚናስን ሳያየው፣ ሳይሰናበተውም፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ተከፍቶ ሳይዘጋ አንዲት ቃል ወደ ውስጥ ገባች፤ «ኣደይ» ብሎ እናቱን ሲጠራ ተሰማ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል፣ በእግረኛው መሃል ቆሞ፣ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ሲያወራ ታየ።

ሚናስም ስልኩን አወጣ። የማስታወቂያውን ማጥፊያ ፈልጎ ነካው። ማዶ ያለው ሕንፃ ፊት ጥቁር ሆነ። ሳቁ፣ ፀጉሩ፣ ጽሑፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ብርሃኑን የለመደው መንገድ ደብዘዝ ያለ መሰለ፤ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች አሻቅበው አዩና ወደየነገራቸው ተመለሱ። ሚናስ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ነገር ከትከሻው የወረደ መሰለው። ምናልባት አሁን ይዞሩ ይሆናል አለ በልቡ፤ ምናልባት «በቃ» ይሉኝ ይሆናል።

ወይዘሮ ደብሪቱ እውነትም ዞሩ። ጥቁሩን ሕንፃ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እሱን አዩት፤ ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ።

«እንዴ! አንተ ነህ እንዴ? እኔን ዓይኔን ያጥፋኝ፣ እዚህ ነበርክ? ምነው ልጄ፣ ተነስተህ ሳትስመኝ! ና እስቲ...»

መጥተው አገላብጠው ሳሙት፤ አንዱን ጉንጩን፣ ሌላውን፣ ደግሞ መልሰው የፊተኛውን። የሰም ጧፍና የስኳር ሽታ ሸተቱት፤ እንደ ልጅነቱ። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዳሰሱት።

«ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት ሲሉ ሰማሁ። እልል አልኩ፤ ብቻዬን ቤቴ ውስጥ እልል ነው ያልኩት። በሰላም ያገላግልልህ። ወንድ ልጅ ይስጥህ። መልኩ ያንተ ይሁን፤ ድምፁም ያንተ፤ ጠባዩም ያንተ ይሁን። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ካንተ የበለጠ ይሁንልህ። አንተንም ዕድሜህን ያርዝመው፤ ጥርስህ አልቆ፣ ጉልበትህ ከድቶህ፣ ደጅ ደጁን የምታይበት ድረስ ያኑርህ። ያን ጊዜ ደግሞ ያ ልጅህ፣ አንተ እናትህን እንደጦርካት... አንዲት ሳያጎድል፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ ይጡርህ።

አሜን በል እንጂ ልጄ።»